በድንኳኑ ሥር የካድኩት የእኅቴ ቃል

ሰንዬ፣

ከተለየሽን አሥራ አንድ ወር ከሦስት ሳምንት ሆነ። የፊታችን እሑድ ሙት ዓመትሽ ነው። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልሽ ስላልናፈቅሽኝ አይደለም። ስንት ጊዜ ደብተር ገልጬ «ሰንዬ» ብዬ ጽፌ ዘግቼዋለሁ። ከስምሽ ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ያሳፍረኛል። ዛሬ ግን ሳልጨርስ አልነሣም ብያለሁ።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርሽ። ሁላችንም ደህና ነን። ደጃችን ያለው መንገድ ተቆፍሮ ሦስት ወር ሙሉ በጣውላ ስንሻገር ከረምን፤ አሁን ተደፍኖ ንጣፍ ተነጥፎበታል። ብትኖሪ «ጭቃው ለእኔ፣ ንጣፉ ለእናንተ» ብለሽ ታስቂን ነበር። አባባ አሁንም ጠዋት ጠዋት ነፋስ ስልክ ወርዶ በርና መስኮት ይበይዳል፤ ዓይኑ ግን ደክሟል፣ ማታ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኖ ይቀመጣል። እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ገባሁ። ቁመቴ አባባን አልፏል። የሰፋሽልኝን የትምህርት ቤት ሱሪ ታስታውሻለሽ? ከታች ሦስት ጣት ትርፍ ጨርቅ ወደ ውስጥ አጥፈሽ «ትረዝማለህ፤ ያኔ ትፈታዋለህ» ብለሽኝ ነበር። መስከረም ላይ ራሴ በምላጭ ፈታሁት። ልክ ሆነልኝ። የድሮው እጥፋት መስመር ግን በካውያም አልለቅ ብሏል። ጠዋት ጫማዬን ሳስር በየቀኑ አየዋለሁ።

እማዬ ስታርፍ እኔ አምስት ዓመቴ ነበር፤ አንቺ አሥራ ሦስት። ያጠብሽኝ፣ ያስጠናሽኝ፣ ትኩሳት ሲይዘኝ በጀርባሽ አዝለሽ ጤና ጣቢያ የወሰድሽኝ አንቺ ነሽ። ይህን የምጽፈው ላመሰግንሽ ብቻ አይደለም። በደሌ ለማን እንደሆነ ራሴ እንዳልረሳ ነው።

አሥራ ዘጠኝ ዓመትሽ ላይ፣ ለቡ ካለችው የቆርቆሮ አዳራሽ ተጠምቀሽ መጣሽ። ወሩ ሐምሌ ነበር። ፀጉርሽ አልደረቀም። አባባ ደጅ ተቀምጦ ነበር። «ዝናብ መታኝ» ብትዪ ያምንሽ ነበር፤ ሰማዩም ይመሰክርልሽ ነበር። አንቺ ግን ፊቱ ቆመሽ «አባባ፣ ዛሬ ተጠምቄያለሁ። ከሌላ ሰው ከምትሰማ ከእኔ ስማ ብዬ ነው» አልሽው። እኔ በሩ ሥር ሆኜ አየሁሽ። 

እኛ ቤት ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ኦርቶዶክስ ነን። አባባ ደግሞ የሰፈሩ እድር ዳኛ ነው። ሰው ሁሉ እየመጣ «ከቤት አስወጣት እንጂ» ይለው ነበር። አላስወጣሽም፤ አልመታሽምም። ያደረገው አንድ ነገር ነው። ከእጅሽ መብላት ተወ።

በማግሥቱ ሽሮውን ሠርተሽ፣ ወደ መጋረጃ ስፌት ቤቱ ሥራሽ ከመሄድሽ በፊት ሳህኑን ለእኔ ሰጠሽኝ። አባባ «ማነው የሠራው?» አለ። «እኔ» አልኩ። ክብሪት በቅጡ መጫር የማልችል የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባባ ሳህኑን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ከዚያ እጁን ታጠበ። «ጎበዝ፤ እጅህ ይጣፍጣል» አለኝ። ከሐምሌ እስከ ገና ድረስ እንዲህ እያልን ቆየን። አባባ ለጎረቤቱ ሁሉ «የእኔ ልጅ ወጥ ይሠራል» እያለ አወራ። ከታች በኩል ያሉት ሴትዮ አንድ ቀን «እስቲ የእኔዋን ሰነፍ ልጅ አስተምርልኝ» ሲሉኝ፣ አንቺ ጓዳ ውስጥ አፍሽን በሻርፕሽ አፍነሽ ስትስቂ ሰምቼሻለሁ።

ኋላ ግን አስቀመጥሽኝና «አቡሽ፣ በእኔ ምክንያት ውሸት አትልመድ። እውነቱን ተናግሬ የሚመጣብኝን እችለዋለሁ። በውሸት የሚቀልልኝን ግን አልችለውም» አልሽኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳህኑን ራስሽ ማቅረብ ጀመርሽ። አባባ ሳይነካው ይነሣል። በማግሥቱም ታቀርቢያለሽ፤ ሳይነካው ይነሣል። እሱ ሥራ ቦታው ዳቦ በሻይ በልቶ ይውላል፤ አንቺ ማታ ሳህኑን አንስተሽ ታጥቢያለሽ። አንድም ቀን ሳህኑን ጣል አድርገሽ ሲንኳኳ አልሰማሁም። የፋሲካ ዕለት ዶሮውን ስታቀርቢ፣ ቆርሶ በላ። አንቺ ወደ ጓዳ ገብተሽ ግድግዳው ላይ ግንባርሽን አሳርፈሽ ቆምሽ።

ተቃውሞው በዚያ አላበቃም። የአባባ እኅት እትዬ አስካለ አንድ ክረምት መጥታ «ያን መጽሐፏን የት ነው የምታኖረው?» ብላ ጠየቀችኝ። አልነገርኳትም፤ በአገጬ ወደ ፍራሽሽ አሳየኋት እንጂ። ያን ባለ ዚፕ መጽሐፍ ቅዱስሽን ግቢ ውስጥ ዝናብ ላይ ጣለችው። ማታ መጥተሽ አነሣሽውና በማግሥቱ ወደ ሥራ ይዘሽው ሄድሽ። ጓደኛሽ ብርቱካን ኋላ እንደነገረችኝ፣ በምሳ ሰዓት የመጋረጃ መተኮሻውን አቀዝቅዛችሁ ገጹን አንድ በአንድ ተኮሳችሁት። ወረቀቱ ግን ተጨማደደ፣ መጽሐፉ ወፈረ፣ ዚፑም ከዚያ በኋላ እያነቀ ነው የሚዘጋው። ማን እንደጠቆመ ታውቂ ነበር። አንድ ቀን እንኳ አላነሣሽብኝም።

ደግሞ ያ የታክሲ ተራው ነገር አለ። እሑድ ጠዋት ወደ ለቡ ልትሄጂ ተሰልፈሽ ሳለ፣ አብረውኝ የሚማሩት ልጆች «ሃሌሉያ ሰናይት! ለእኛም ጸልዪልን!» እያሉ ጮኹብሽ። እኔም መሐላቸው ነበርኩ። ሳቅሁ። ዞር ብለሽ «ልጸልይላችሁ ነው፤ አሜን ማለት ግን የእናንተ ፋንታ ነው» አልሻቸውና ሁሉም ሳቁ። እኔን አይተሽኝ ነበር። እንደማታውቂኝ ሆነሽ አለፍሽ፤ እንዳላፍር ብለሽ። አሁን ሳስበው፣ በዚያ ቀን እንኳ ከኀፍረት የሸፈንሽኝ አንቺ ነሽ።

ኩላሊትሽ ታምሞ ሆስፒታል በተኛሽበት ወር እትዬ አስካለ አልጋሽ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ለመነችሽ። ክፋት አልነበረም፤ ከልቧ ታለቅስ ነበር። «ለአባትሽ ስትዪ አንዲት ቃል በዪ። ተመልሻለሁ በዪና ይረፍ» አለችሽ። አንቺም እጇን ይዘሽ «እትዬ፣ ለአባባ የምችለውን ሁሉ እሰጠዋለሁ። ይቺ ቃል ግን የእኔ አይደለችም፣ እንዴት አድርጌ እሰጣለሁ?» አልሻት። አባባ በሩ ላይ ቆሞ ሰምቷል። ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ ሲመላለስ የጫማው ድምፅ ይሰማን ነበር።

የመጨረሻው ቀን ጠዋት አባባ መድኃኒት ፍለጋ ወጥቶ ሁለታችን ብቻ ቀረን። መጽሐፉን ክፈትልኝ አልሽኝ። ዚፑ ያዘኝ። ስጎትት፣ ስጎትት፣ እጄ ላበው። «ተወው፣ እንደተዘጋ ስጠኝ» ብለሽ ደረትሽ ላይ አኖርሽው። ከዚያ ዓይንሽን ሳትከፍቺ «አቡሽ፣ ሳልክደው ደረስኩ አይደል?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። «አዎ ሰንዬ፣ ደርሰሻል» አልኩሽ። በሹክሹክታ ነበር፤ ከጎን የተኙት በሽተኛ እንዳይሰሙ። ፈገግ አልሽ። ከዚያ በኋላ ሌላ ቃል አልተናገርሽም።

ከዚህ በታች ያለውን ታውቂው እንደሆን አላውቅም። ካላወቅሽው ከእኔ ስሚው።

እኩለ ቀን ላይ ግቢያችን ውስጥ የእድሩ ድንኳን ተተከለ። ወንዶቹ አግዳሚ ወንበር ይደረድራሉ፣ ሴቶቹ ያለቅሳሉ። ከእድሩ ሰዎች አንዱ ለሌላው «የዳኛው ልጅ እንግዲህ የት ልትቀበር ነው?» ሲል ሰማሁ። አባባም ሰምቶታል። ቆቡን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ያኔ የንስሐ አባታችን መጡ። አባን ታውቂያቸዋለሽ፤ ቁጡ ሰው አይደሉም። እኔን ጠርተው «ልጄ፣ አጠገቧ የነበርክ አንተ ነህ። በመጨረሻ ሰዓቷ ወደ እናቷ ሃይማኖት ተመልሳለች? እንድትዋሸኝ አይደለም የጠየቅኩህ፤ የሆነውን ንገረኝ» አሉኝ።

ልቅሶው ቆመ። ሁሉም እኔን አየ። እትዬ አስካለ በዓይኗ ለመነችኝ። አባባ ብቻ አላየኝም፤ ቆቡን ነበር የሚያየው።

«ተመልሳለች። ከእማዬ ጎን ቅበሩኝ ብላለች» አልኩ።

እትዬ አስካለ «ተመስገን!» ብላ መሬት ላይ ተደፋች። ከሴቶቹ አንዷ በልቅሶ መሐል እልል አለች። አንድ ሽማግሌ ጀርባዬን መታ መታ አድርገው «አንተ ነህ ቤቱን ያቆምከው» አሉኝ። ሰንዬ፣ አንቺ አምስት ዓመት የተሸከምሽውን እኔ በሁለት ዐረፍተ ነገር ጣልኩት። ከጠዋቱ ጥያቄሽ ጀምሮ ሦስት ሰዓት እንኳ አልሞላም ነበር።

ለረጅም ጊዜ ለአንቺ ብዬ ነው እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ከእማዬ ጎን እንድትሆኚ፣ ለብቻሽ ሩቅ ቦታ እንዳትተኚ። ይሄም ትንሽ እውነት አለው። ግን ዋናው እሱ አይደለም። ዋናው ፈራሁ። ያ ሁሉ ዓይን ከላዬ ላይ እንዲነሣልኝ ፈለግኩ። የዳኛው ልጅ እንዲህ ሆነች እንዳይባል ፈለግኩ። አንቺ በእርጥብ ፀጉር በአባባ ፊት የቆምሽውን አንዲት ደቂቃ እኔ መቆም አቃተኝ።

በማግሥቱ ስንቀብርሽ ከለቡ ዘማሪ ጓደኞችሽ በአንድ ሚኒባስ መጥተው ነበር። ወሬውን ሰምተው ስለነበር ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አልገቡም፤ ከአስፋልቱ ማዶ ቆሙ። ብርቱካን የመዘምራን ልብስሽን አጣጥፋ በፌስታል ይዛ ነበር፤ ካንቺ ጋር ልታስቀብረው ይመስለኛል። ከአጥሩ በላይ ተያየን። ራሷን ነቅነቅ አድርጋ «እውነት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አንገቴን ደፍቼ ጫማዬን አየሁ። ፌስታሉን ይዛ ተመለሰች።

ከዚያ ወሬው እግር አወጣ። ቄስ ጥሩልኝ ብላ አለቀሰች ተባለ። ተጸጽታ ደረቷን መታች ተባለ። እኔ ያላልኩት ሁሉ እየተጨመረ መጣ፤ እኔም ዝም አልኩ። የዋሸ ሰው የተጨመረበትን ብቻ ነጥሎ «ይሄ ውሸት ነው» ማለት አይችልም።

ባለፈው ወር ከትምህርት ቤት ስመለስ ብርቱካን ከመጋረጃ ቤቱ በር ጠራችኝ። የአንቺ መኪና ላይ ነው አሁን የምትሰፋው። ስለ ትምህርቴ ጠየቀችኝ፤ ሱሪዬን አይታ «ፈታኸው?» ብላ ሳቀች። ከዚያ ወደ ለቡ መሄድ እንደተወች ነገረችኝ። ወንድሞቿ ድሮም ያስቸግሯት እንደነበር ታውቂያለሽ፤ በአንቺ ምክንያት ነበር የምትጸናው። አሁን ግን «ሰናይትን ያህል ሰው በመጨረሻ ከተመለሰች አንቺ ምን ቤት ነሽ?» ይሏታል።  «አልፈርድባትም፣ ደክሟት ይሆናል። አምስት ዓመት ቀላል ነው እንዴ? እኔ ግን እሷ ያልቻለችውን አልችልም» አለችኝ።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፍቼም ነበር። «ክፍል ረፍዶብኛል» አልኩና ሄድኩ። ከቀኑ አሥር ሰዓት አልፎ ነበር፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ነው ያገኘችኝ። ብርቱካን ታየኝ ነበር። ወደ ቤት ሳይሆን ወደ ትምህርት ቤቱ አቅጣጫ ዞሬ፣ ክፍል የሌለበትን ግቢ አንድ ጊዜ ዙሪያውን ሄጄ ተመለስኩ። ሕይወቴን በሙሉ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ነፋስ ስልክ አባባ ሥራ ቦታ ሄድኩ። የመስኮት ፍርግርግ ይበይድ ነበር። ብየዳውን ሲያቆም የፊት መከላከያውን ሳያነሣ «ምን ሆንክ?» አለኝ። ሁሉንም ነገርኩት። ዚፑን፣ ጥያቄሽን፣ መልሴን፣ ከዚያ ለአባ ያልኩትን። አባባ መከላከያውን አላነሣም። እሳቱ ጠፍቶ፣ ብረቱ ቀዝቅዞ፣ እሱ ከዚያ ጥቁር መስታወት ኋላ ቆሞ ቀረ። በመጨረሻ «አሁን ምን ላድርግልህ? ከመቃብር ላውጣልህ? ሂድ ወደ ቤትህ» አለ።

ማታ ራት ሠርቼ አቀረብኩ። አሁን በእውነት መሥራት ተምሬያለሁ፤ ምግቡ ይህን ያህል ባይሆንም። ሳይነካው ተነሣ። በማግሥቱም አቀረብኩ፤ ተነሣ። ስምንት ቀን። ሰንዬ፣ አንቺ ይህን ከገና እስከ ፋሲካ ቻልሽው። እኔ በሦስተኛው ቀን ሳህኑን ግድግዳ ላይ ልወረውረው ደርሼ ነበር። አነሣሁትና አጠብኩት፤ አንቺ እንደምታጥቢው፣ ሳላንኳኳ። በዘጠነኛው ቀን አባባ እጁን ታጠበ። አንድ ጉርሻ ሽሮ በላ፣ አላመጠ፣ ከዚያ ሳያየኝ «ያኔ በአሥራ አንድ ዓመትህ የሠራኸው ይሻል ነበር» አለ።

ያውቅ ነበር ሰንዬ። ከመጀመሪያው ሳህን ጀምሮ የአንቺን እጅ እያወቀ ነው የበላው። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ «በድንኳኑም ቀን አውቄ ነበር። ሆስፒታል ያለችውን በጆሮዬ ሰምቼ የለ? አንተን ጠየቁህ፣ ዋሸህ። እኔን ማንም አልጠየቀኝም፤ ስለዚህ ዝም አልኩ። ከሁለታችን የባሰው ማን ይመስልሃል?»  ሽሮውን ጨርሰን በላን።

ከአባባ ጋር ሆነን አባ ዘንድ ሄድን። አባ ሲሰሙ መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ። የአንቺ መንገድ ትክክል ነው አላሉም፤ እንዲሉም አልጠበቅኩም። «ከእናቷ ጎን ትተኛ፤ የተቀበረ አይነቀልም። አንተ ግን ልጄ፣ ሬሳ አናገርክ። ያላለችውን አስባልካት» አሉኝ። ስግደት ሰጡኝ፤ እሱን ጨርሻለሁ። ከዚያ ሌላ ቀኖና ጨመሩ፦ በዚያው ግቢ፣ በሰሙህ ሰዎች ፊት፣ በዚያው አፍህ መልሰው።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለዚህም ነው። እሑድ ለሙት ዓመትሽ ድንኳን ተተክሎ ሰው ሲሰበሰብ ቆሜ አነበዋለሁ። በቃል ልናገር ብል እንደ ልማዴ ክፍል ረፍዶብኛል ብዬ እንዳልሸሽ ፈራሁ። እትዬ አስካለ ታዝንብኛለች። የእድሩ ሰዎች አባባን ከዳኝነቱ ሊያወርዱት ይችላሉ። «ታውቃለህ አይደል?» ስለው «መዶሻና ብየዳ አለኝ፤ አንተ ጮክ ብለህ አንብብ» ነው ያለኝ።

ለብርቱካን ለመንገር ግን እስከ እሑድ አልቆየሁም። ትናንት መጋረጃ ቤቱ ገብቼ ነገርኳት። መርገጫውን ለቀቀች፣ መኪናው ቆመ። «አንተ ልጅ!» አለችኝ፤ የምትመታኝ መስሎኝ ነበር፤ ብትመታኝም ደስ ባለኝ። ከዚያ «ምን አለች? እንደገና በለው» አለች። «ሳልክደው ደረስኩ አይደል አለችኝ» አልኩ። «እንደገና» አለች። ሦስት ጊዜ አስባለችኝ። ፊቷን ልትሰፋው በያዘችው መጋረጃ ሸፍና አለቀሰች። ስወጣ ግን ከመሳቢያው ያን ፌስታል አውጥታ ልብስሽን በካውያ ልትተኩሰው ስትዘረጋ አየኋት።

እኔ የአንቺ አዳራሽ ሰው አይደለሁም፤ ወደፊትም ምን እንደምሆን አላውቅም። እግዚአብሔርን ማመን ሰውን ምን ያህል ሊያስችለው እንደሚችል ግን ከአንቺ በቀር ያሳየኝ የለም። ሳህን በማንሣት አሳየሽኝ።

ሰንዬ፣ ይቅር በይኝ ለማለት ገና ነኝ፤ አስቀድሜ የወሰድኩብሽን ልመልስ። መጽሐፍሽ እኔ ዘንድ ነው፣ ዚፑን በሻማ አሽቼው አሁን ይከፈታል። ሱሪው ቢያጥረኝም አልጥለውም። ከእንግዲህ ማንም፣ የትም ቢሆን፣ ሰናይት እንዴት ሆና አረፈች ብሎ ቢጠይቀኝ አንገቴን ደፍቼ ጫማዬን አላይም። ያን ጠዋት ሰው እንዳይሰማኝ ብዬ በሹክሹክታ መለስኩልሽ። እሑድ በድንኳኑ ሥር፣ ያ ሁሉ ዓይን እያየኝ፣ ጮክ ብዬ እመልስልሻለሁ።

አዎ ሰንዬ፤ ሳትክጂው ደርሰሻል።

ወንድምሽ አቡሽ
መካኒሳ፣ ከቤታችን